ላሙ የምትሄዱ ከሆነ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ባሕሩ ሙላት ይህን እወቁ

ከናይሮቢ የተነሳው ትንሽ አውሮፕላን ማንዳ በምትባል ደሴት ላይ ያርፋል። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ጥቂት ስትራመዱ መንገዱ ባሕር ላይ ያልቃል። ታክሲ የለም። የሚጠብቃችሁ ጀልባ ነው። ማዶ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ግራጫና ነጭ የድንጋይ ቤቶች ተደርድረው ይታያሉ። ላሙ እሷ ናት። በሰሜናዊው የኬንያ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር በሚወስደው በኩል ያለች ትንሽ ደሴት።

በደረስኩበት ምሽት ከአንድ ጀልባ ነጂ ጋር ስለ ነገ ጉዞ ተነጋገርን። "ሳ ታቱ" አለን። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ፈረንጆች እርስ በርስ ተያዩ። ታቱ ሦስት ማለት መሆኑን ያውቃሉ። ግን እነሱ ሦስት የሚሉት የኛን ዘጠኝ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው ወይስ ከቀኑ? ግራ ገባቸው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። "ሳ" ሰዓት ነው። ሳ ታቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም የኛው የጠዋት ሦስት ሰዓት። ስዋሂሊዎች እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆኑ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች፤ አቆጣጠሩ አይዛባም። ከአገሬ ውጭ ስድስት ሳልደምርና ሳልቀንስ ሰዓት ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ።

"ጉዞውን በአንድ ቀን ብናዘገየውስ?" ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ወደ አራት ሰዓት ገደማ እንደሚሆን ነገረኝ። ለምን ያው ሦስት ሰዓት አይሆንም? በጣቱ ባሕሩን አሳየኝ። "ማጂ" አለ። ውሃው ማለቱ ነው።

ላሙን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ቤቶቹና ስለ አህዮቹ አንብቦ ነው የሚሄደው። ጥሩ ነው። ግን ከተማዋ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠራች፣ ክፍሎቿ ለምን ጠባብ እንደሆኑ፣ ሕዝቧ ለምን እንዲህ የተቀላቀለ እንደሆነ የሚገባው ሁለት ነገር ሲያውቅ ነው፤ የባሕሩን መሙላትና መጉደል፣ የነፋሱንም መገላበጥ። እኛ ከባሕር ርቀን ያደግን ሰዎች እነዚህን ነገሮች የሚያስተምረን የለም። ጣና በቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ አይመለስም፤ ላንጋኖም እንደዚያው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጨረቃ መሬትን ትስባለች። ድንጋዩና አፈሩ ብዙም አይላወሱላትም፤ ውሃ ግን ይታዘዛል። ጨረቃ ባለችበት በኩል ያለው ባሕር ትንሽ ያብጣል። በተቃራኒው በኩል ደግሞ የጨረቃዋ ስበት ስለሚደክም እዚያ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይቀርና እሱም ያብጣል። መሬት በቀን አንድ ጊዜ ስትዞር እያንዳንዱ ባሕር ዳርቻ በሁለቱ እብጠቶች ሥር ያልፋል። ስለዚህ ላሙ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ግን ቆማ አትጠብቅም። መሬት አንድ ዙር ስትጨርስ እሷ ትንሽ ወደፊት ሄዳለች። እሷን ለመድረስ 50 ደቂቃ ገደማ ይጨመራል። የጀልባ ነጂው ሦስት ሰዓት በማግስቱ ወደ አራት የተጠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ፀሐይም በዚያው መስመር ላይ ስለምትሆን ሁለቱ ተባብረው ይስባሉ። ያን ጊዜ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውሃ መካከል ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት ይኖራል። የአንድ ፎቅ ቁመት ማለት ነው። ላሙዎች ይህን "ባምቩዋ" ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚስቡ ውሃው ብዙም አይንቀሳቀስም። ይህን "ማጂ ማፉ" ይሉታል፤ የሞተ ውሃ እንደማለት ነው። ከጀልባ ሰው ጋር ስታወሩ ቀኑን በቁጥር ብቻ አይነግራችሁም። ባምቩዋ ነው ወይስ ማጂ ማፉ የሚለውን ያስቀድማል።

ወደብ ዳር ቆማችሁ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጠዋት ደረጃው ሥር ተንሳፍፋ የነበረች ጀልባ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ላይ በጎኗ ተኝታ ታገኟታላችሁ። አንዱ ሰው ሆዷን ይፍቃል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። ለእነሱ መርከብ ማንሻ ማሽን የሚሠራውን ሥራ ጨረቃ በነፃ ትሠራላቸዋለች።

ይህ ውሃ ጦርነትም ወስኗል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1812 ገደማ የጎረቤቷ የፓቴ ደሴት ገዥዎችና ሞምባሳን የያዘው የማዝሩዒ ገዥ ቤተሰብ ተባብረው ላሙን ለመያዝ መጡ። ሠራዊታቸው ከከተማዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሼላ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ላሙዎች ገጥመው አሸነፏቸው። የተሸነፉት ወደ ጀልባዎቻቸው ሮጡ። ላሙዎች እስከ ዛሬ እንደሚተርኩት ባሕሩ ሸሽቶ፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ነበር። መሄጃ አጡ። እዚያው አለቁ። ድሉ ግን ላሙዎችን አላስተኛቸውም። በቀል ፈርተው የኦማኑን ገዥ ሰይድ ሰዒድን ጠባቂያቸው እንዲሆን ለመኑ። ዛሬ በከተማዋ መካከል የምታዩት ትልቁ ምሽግ በ1813 ተጀምሮ በ1821 ያለቀው በዚያ ሰሞን ነው። በኋላ እስር ቤት ሆኖ እስከ 1984 አገልግሏል። አሁን ገብታችሁ ጣሪያው ላይ መውጣት ትችላላችሁ። ከላይ ከተማዋ ሁሉ ትታያለች።

ወደ ነፋሱ ልምጣ። ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

እሳት ላይ የተጣደ ምጣድና ውሃ የሞላ እንስራ አስቡ። ምጣዱ ቶሎ ይግላል፣ እሳቱ ሲጠፋም ቶሎ ይበርዳል። የእንስራው ውሃ ግን ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ይዘገያል። የእስያ ትልቁ የብስ ምጣዱ ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስ እንስራው። ከሚያዝያ ጀምሮ የእስያ ምድር በጣም ሲግል በላዩ ያለው አየር ቀልሎ ይነሳል። ክፍቱን ለመሙላት ከባሕር በኩል ያለው አየር ወደዚያ ይጎርፋል። በላሙ በኩል ሲያልፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ስሙ "ኩሲ" ነው። በብርዱ ወራት ነገሩ ይገለበጣል። እስያ ትቀዘቅዛለች፣ አየሩ ይከብዳል፣ ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። ያኔ ላሙ ላይ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ይህኛው "ካስካዚ" ይባላል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ይነፍሳል። ኩሲ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ሞንሱን የሚሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የኛ ተራሮች ይገባሉ። ኩሲ በክረምት ወራት የምድር ወገብን ሲሻገር በመሬት መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በግራው ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ከፍታዎች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ነፋሱ ግድግዳውን አልፎ መበተን ስለማይችል ተጨናንቆ፣ እንደ ቦይ ውሃ ፈጥኖ፣ በሶማሊያ በኩል ወደ ሕንድ ይወረወራል። በምድራችን ላይ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ ከሚነፍሱት ነፋሶች ሁሉ ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። ሐምሌ ላይ እኛ ጃንጥላ ይዘን ስንንቀጠቀጥ የላሙ ባሕር ይናወጣል። በድሮ ጊዜ በነዚያ ወራት ትልልቅ ጀልባዎች ወደ ሰፊው ባሕር አይወጡም ነበር።

እስቲ ይህን ከሰው ሕይወት ጋር አያይዙት። ሞተር የለም። ከኦማን ወይም ከባሕረ ሰላጤው የተነሳ ነጋዴ በካስካዚ ተገፍቶ ወደ ደቡብ ይመጣል። ቴምር፣ ጨርቅ፣ ምንጣፍ፣ የቻይና ሸክላ ይዟል። ላሙ ሲደርስ ሸጦ በማግስቱ ወደ አገሩ መመለስ አይችልም። ነፋሱ ፊት ለፊቱ ነው። ኩሲ እስኪመጣ ወራት መቀመጥ አለበት። በነዚያ ወራት ምን ያደርጋል? ቤት ይከራያል። ዱቤ ይሰጣል፣ ዱቤ ይቀበላል። መስጊድ ይሄዳል። ሚስት ያገባል። ልጅ ይወለዳል። ልጁ የእናቱን የባንቱ ቋንቋ ይናገራል፤ የአባቱ ዓረብኛ ቃላት በውስጡ ይገባሉ። ስዋሂሊ የሚለው ስም ራሱ ከዓረብኛ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ላሙን የሠራት ንግዱ ብቻ አይደለም። መጠበቁ ነው። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ቢነፍስ ወይም ሰው እንደፈለገው መመለስ ቢችል ኖሮ፣ እዚያ ቦታ ላይ የዕቃ መጋዘን ይኖር ነበር እንጂ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ያልተለያት ከተማ አትኖርም ነበር።

ነፋሱን ያላከበረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ቫስኮ ዳ ጋማን መመልከት ይበቃል። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ በሚያዝያ 1498 ከላሙ ደቡብ ካለችው ከማሊንዲ ሲነሳ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ይዞ ነበር። ነፋሱም ገና ወደ ሕንድ መዞሩ ነበር። በ23 ቀን ገደማ ተሻገረ። ሲመለስ ግን ወቅቱ ሳይደርስ ተነሳ። ሦስት ወር ያህል ባሕር ላይ ተንከራተተ። አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣው በሽታ ብዙ ሰዎቹን ፈጀበት። ያው ባሕር፣ ያው ርቀት ነው። ልዩነቱ የወሩ ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1506፣ የፖርቱጋል መርከቦች ላሙ ደጃፍ ቆመው ከተማዋ ግብር እንድትከፍል አስገደዷት።

ከላሙ በኩል የሚጫነው ምን ነበር? የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ፣ የኤሊ ቅርፊት። ሰውም ይጫን ነበር። ይህን ሳይናገሩ ስለ ባሕር ቅርስ ብቻ ማውራት ትክክል አይመስለኝም። በማዶ ባለው የብስ የነበሩት እርሻዎች በባሪያ ጉልበት የሚሠሩ ነበሩ። የተዋቡት የድንጋይ ቤቶች ገንዘብ በከፊል ከዚያ መጥቷል። በኬንያ ባሕር ዳርቻ ባርነት በሕግ የቀረው በ1907 ነው። ከዚህ ሁሉ ሌላ ግን አንድ ተራ የሚመስል ዕቃ ነበር፤ የማንግሮቭ አጣና።

ማንግሮቭ ሥሩን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያድግ ዛፍ ነው። ውሃው ሲጎድል ሥሮቹ እንደ ሸረሪት እግር ጭቃው ላይ ተንፈራጥጠው ታዩዋቸዋላችሁ። ከኬንያ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ የሚገኘው በላሙ አካባቢ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ዛፍ የሌላቸው የዓረብ አገሮች ለቤታቸው ጣሪያ ይህን አጣና በጀልባ ሙሉ ይወስዱ ነበር። ላሙ ራሷም በእሱ ነው የተሠራችው።

አሮጌ ቤት ውስጥ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ጥቁር ቡናማ አጣናዎች በተራ ተጋድመዋል። አሁን የክፍሉን ስፋት ተመልከቱ። ክፍሉ ረጅም ነው፣ ግን ጠባብ፤ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዚያ በላይ የሚረዝምና የድንጋይ ጣሪያ የሚሸከም ቀጥ ያለ የማንግሮቭ አጣና በቀላሉ አይገኝም። ዛፉ የደረሰበት ድረስ ክፍሉ ይሰፋል። ግድግዳው ከባሕር ከወጣ የኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል። በውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ በኖራ የተቀረጹ ትናንሽ መስኮት መሳይ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ረድፍ በረድፍ አሉ። "ዚዳካ" ይባላሉ። በነፋሱ የመጣው የቻይና ሸክላ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። በራፉ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ የድንጋይ መቀመጫ አለ። እንግዳ እዚያ ይቀበላሉ፤ ዘመድ ካልሆነ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የበሮቹ ቅርጻ ቅርጽ ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል። ጀልባ ያነፀ እጅ ነው በር የቀረጸው።

ጀልባዎቹን በቅርብ ለማየት ማቶንዶኒ ሂዱ። በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ ያለች መንደር ናት፤ በጀልባ ወይም በአህያ ይደረሳል። ዛፍ ጥላ ሥር አንድ ጀልባ ግማሽ ሆኖ ቆሞ ነበር። የጎድን አጥንቶቹ ብቻ ይታያሉ። እያንዳንዱ ጎድን በእሳትና በኃይል የተጎበጠ አይደለም። ሲበቅል ጎብጦ ያደገ ቅርንጫፍ ተፈልጎ፣ በዓይን ተለክቶ የተቆረጠ ነው። አንድ ሽማግሌ መሰርሰሪያውን በገመድና በቀስት እያሽከረከሩ ቀዳዳ ይበሱ ነበር። ወጣቱ ደግሞ በዘይት የተነከረ ጥጥ በሳንቃዎቹ መካከል በመዶሻ ያስገባል። ጥጡ ውሃ ሲነካው ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋል። የወረቀት ንድፍ አላየሁም። ስጠይቅ ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

የድሮዎቹ ደግሞ ከዚህም ይገርማሉ። በላሙ ደሴቶች "ምቴፔ" የሚባል ጀልባ ነበር። አንድም ሚስማር የለውም። ሳንቃዎቹ ከኮኮነት ፍሬ ሽፋን ቃጫ በተገመደ ገመድ የተሰፉ ናቸው። ሸራውም ከሰሌን የተሠራ ነበር። በባሕሩ ዳር ባለው ሙዚየም ሞዴሉን ታዩታላችሁ፤ እውነተኛው ከጠፋ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኖታል። መስፋቱ ድህነት እንዳይመስላችሁ። በሚስማር የተመታ ሳንቃ አሸዋ ሲገጨው ይሰነጠቃል፤ የተሰፋ ግን ይለመጣል። በቀን ሁለት ጊዜ አሸዋ ላይ ለሚቀመጥ ጀልባ ከዚህ የተሻለ ብልሃት የለም። እኔ ወዲያው ትዝ ያለኝ የጣና ታንኳ ነው። እሱም ያለ ሚስማር የታሰረ ደንገል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለዚህ ባሕር የጉዞ መምሪያ ጽፎ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አዱሊስ አለች፤ አክሱምና ዞስካሌስ የተባለው ንጉሥም አሉ። ጸሐፊው ከዚያ ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር ሲወርድ ስለ ተሰፉ ጀልባዎች ይናገራል። አክሱምና ይህ የባሕር ዳርቻ በአንድ ነጋዴ ማስታወሻ ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝተዋል።

የአሁኖቹ ጀልባዎች "ማሹዋ"ና "ጃሀዚ" ናቸው። በቀይ ባሕር ሳንቡክ ከሚባለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ባለ ሦስት ማዕዘን ትልቅ ሸራ አላቸው፤ ሸራው ከደቀሉ፣ ማለትም ጀልባዋ መካከል ከቆመው ግንድ፣ ላይ በተሰቀለ ረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ ይታሰራል። ማታ ማታ ጎብኚዎችን ይዘው ይወጣሉ። ስትሳፈሩ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ጀልባዋ ወደ ፊት ስትሄድ ትገረማላችሁ። ሸራው ሲነፋ እንደ ወፍ ክንፍ ይጎብጣል፤ ነፋሱ በጉብታው ላይ ሲያልፍ ይጎትተዋል። ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ደግሞ የጀልባዋ የታችኛው አካል ውሃውን ተደግፎ ይቋቋመዋል። የቀረው ኃይል ወደ ፊት ይሆናል። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲሆን ግን ቀጥ ብሎ መሄድ የለም። ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፉ ነው።

ከተማዋ ውስጥ መኪና የለም። መንገዶቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካለፈ የሞሉ ናቸው። ሲሚንቶውን፣ ኮካውን፣ ጭድና ውሃውን የሚሸከመው "ፑንዳ" ነው፤ አህያ። የዱር ዝርያው እስከ ዛሬ በአፋር በረሃ ውስጥ የሚገኝ እንስሳ እዚህ የአንድ ከተማ ትራንስፖርት ሆኖ ማየት ለኛ የተለየ ስሜት አለው። ከኋላችሁ ድምፅ ስትሰሙ ግድግዳውን ተጠጉ። ቅድሚያ የአህያው ነው።

ላሙ እንዲህ ሳትነካ የቆየችው ታስባ አይደለም። እንግሊዞች ባቡሩን ከሞምባሳ ሲጀምሩ ትልልቆቹ መርከቦች ወደዚያ ሄዱ። የእንፋሎት መርከብ ነፋስ አይጠብቅም፤ ላሙም መጠበቂያ መሆኗ ቀረ። ገንዘቡ ሲሸሽ ቤት አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ጠፋ። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት የመዘገበው ድህነት ያቆየውን ነው።

አሁን ደግሞ መርከቡ ተመልሶ መጥቷል፤ በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያም አለችበት። በመጋቢት 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ላሙ ላይ ተገናኝተው ሦስቱን አገሮች የሚያገናኘውን የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት አስጀመሩ። ላፕሴት ይባላል። ወደቡ ያለው ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን ማዶ በየብሱ በኩል ነው። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። መንገዱ በጋሪሳና በኢሲዮሎ አድርጎ ሞያሌ እንዲደርስ የታሰበ ነው። ወደብ ለሌለው አገር ሰው ይህ ትንሽ ዜና አይደለም። እኔም ተስፋ አደርጋለሁ።

ግን እዚያ ቆሜ የሌላውንም ወገን ሰምቻለሁ። ለወደቡ ባሕሩ ተቆፍሯል፣ ማንግሮቭ ተቆርጧል። ማንግሮቭ የዓሣ ማራቢያ ነው፤ ጫጩት ዓሣዎች በሥሮቹ መካከል ተደብቀው ያድጋሉ። የላሙ ዓሣ አጥማጆች ትንንሽ ጀልባዎች ይዘው ከደሴቶቹ ራቅ ብለው ወደ ጥልቁ መሄድ አይችሉም። በ2018 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ 4,600 ለሚሆኑ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። በኋላም ክርክርና ድርድር ተከተለ። የኛ ጭነት አንድ ቀን በዚህ ወደብ ቢያልፍ፣ የማን ዓሣ ማጥመጃ ላይ እንደሚያልፍ ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

መቼ ልሂድ ለሚል ሰው፣ ካስካዚ የሚነፍስባቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ሞቃት ናቸው፤ ባሕሩ ግን የተረጋጋ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ይበዛል፣ ብዙ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። የነቢዩ ሙሐመድ ልደት የሚከበርበት መውሊድ ትልቁ በዓል ነው፤ የጀልባና የአህያ ውድድርም ያኔ አለ። ከተማዋ ሙስሊም ናት። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የብሱ በሶማሊያ ድንበር አካባቢ ስለሆነ ባለፉት ዓመታት በመንገድ ላይ ጥቃቶች ደርሰዋል። ስለዚህ በአውሮፕላን ሂዱ፣ የወቅቱን ሁኔታም አስቀድማችሁ አጣሩ። ጾመኞች አትቸገሩም። ቁርስ ላይ በኮኮነት ወተት የተቀቀለ የርግብ አተር ከ"ማሃምሪ" ጋር ይቀርባል። ማሃምሪ ኮኮነትና ኮረሪማ መሳይ ሄል የገባበት እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ነገር ነው። ቅቤና እንቁላል እንደሌለው ብቻ ጠይቁ።

በዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነስተን የሄድነው ታክዋ ነበር። በማንዳ ደሴት ላይ ያለች የፈረሰች ከተማ ናት። ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ኖሮባታል። ከዚያ ባዶ ቀረች፤ ጉድጓዶቿ ጨው ሆነው ነው ይባላል። ሰዎቿ ወደ ሼላ ተሻገሩ። ሼላ ከጀርባዋ ያሉት የአሸዋ ኮረብቶች ዝናቡን አጣርተው የሚጠጣ ውሃ ይሰጣሉ፤ ላሙም የምትጠጣው ከዚያ ነው። የሼላ ሰዎች ዛሬም ታክዋ ላለው ጥንታዊ መቃብር እየመጡ ዝናብ ይለምናሉ።

ወደ ታክዋ የሚያስገባው በማንግሮቭ መካከል ያለ ጠባብ የባሕር ክንድ ነው። ስንገባ ሞልቶ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ፊታችንን ይነኩን ነበር። ጀልባ ነጂው ሲያወርደን "ብዙ አትቆዩ" አለ። እኔ ግን መስጊዱ ላይ ያለውን ዓምድ፣ ከፍርስራሹ የበቀሉትን ባኦባቦች እያየሁ ቆየሁ። ሁለት ጊዜ ጠራን። ስንመለስ ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር። መቶ ሜትር ያህል ገፍተን ጀልባዋ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሰባት ሰዓት ነበር።

አልተቆጣም። ሸራውን አውርዶ በደቀሉ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋልን። ከጀልባዋ የፊት ጫፍ ሥር ከሰልና ማንቆርቆሪያ አወጣ። ሻይ ፈላ። ቀይና ሰማያዊ ትንንሽ ሸርጣኖች ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ጭቃው ላይ መሯሯጥ ጀመሩ። ስለ ልጆቹ ነገረን፣ ስለኛ አገር ጠየቀን፤ አንዱ ፈረንጅ እንቅልፍ ወሰደው። አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ጀልባ ነጂው በጣቱ አንድ የማንግሮቭ ሥር አሳየኝ። እርጥቡ መስመር መውረዱን አቁሟል። "አሁን እየመጣ ነው" አለ። ሳይቸኩል ሁለተኛ ሻይ ጣደ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባዋ ራሷን ቀና አደረገች።